የቡችላ አርባና ሰማንያ

የመሰናበቻዬ ዕለት የሞላሌ ባልደረቦቼ የበግ ፀጉር ባና አለበሱኝና፣ አንዱ ተነሥቶ «ከሠላሳ ዓመት ሥራ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለወጉ «ፍቅራችሁን» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አራት ቡችሎች» አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። የቀለድኩ መስሏቸው ነበር።

አልቀለድኩም። ይህን ሁሉ ዘመን በግ ከትቤያለሁ፣ ላም አዋልጃለሁ፣ የበቅሎ ሰኮና ጠርቤያለሁ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲያነሣብኝ ግን ቀድመው የሚመጡብኝ ከጓሳ ሣር ሜዳ ጠርዝ ባለች አንዲት መንደር «ዘራቸው ክፉ ነው» ተብለው ሞት የተፈረደባቸው አራት ቡችሎች ናቸው። ስለ እነሱ ሳወራ አንገቴ ቀና ይላል። ትዕቢት ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ጡረተኛን ማን ይቆጣዋል?

ስሜ አሰለፈች ነው። የተማርኩት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። መንዞች ግን መርፌ የያዘን ሁሉ ዶክተር ስለሚሉ፣ ዶክተር ሆኜ ኖሬ ዶክተር ሆኜ ጡረታ ወጣሁ፤ ደመወዜ ብቻ ወሬውን ሳይሰማ ቀረ። የተወለድኩት መርሐቤቴ ቆላው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ በመንዝ ደጋ ቀየት አጠገብ ስመደብ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ከብርዱ የባሰብኝ ግን ውሻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ውሻ እፈራ ነበር። በመንዝ ደግሞ የገበሬ ደጅ ሳይጮኽብሽ የምትረግጪው የለም። በግ ልከትብ ሄጄ ከድንጋይ ካብ ላይ ወጥቼ «ኧረ ያዙልኝ!» ስል የሳቁብኝን ሴቶች ዛሬም በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ፍርሃት ያወጡኝ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። የጣቢያችን ነባር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የእንጀራ ድርቆሽ የማይጠፋ ሰው። ከእሳቸው ጋር ገበሬ ቤት ስንደርስ ውሻው እየተወረወረ ሲመጣ እሳቸው አይሮጡም፣ ድንጋይም አያነሡም። ጎናቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ። ፊታቸውን ወደ ውሻው አያዞሩም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ ከባለቤቱ ጋር ያወራሉ። ውሻው ዞሮ ዞሮ ይመጣና እጃቸውን ያሸታል። ያን ጊዜ ድርቆሹ ይወጣል።

«ፊት ለፊት የሚመጣበት ሰው ወይ ጠበኛ ነው ወይ ሞኝ፤ ውሻ ሁለቱንም አይወድም» ይሉኝ ነበር።

ቡችላ እንዲመርጡለት የጠራቸው ሰው ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ያገኝ ነበር፦ «መጀመሪያ እናቲቱን አሳየኝ»። እናቲቱ ዓይኗን ታንከራትታለች ወይስ ረጋ ብላለች፣ በግ ሲያልፍ ጆሮዋ ይቆማል ወይስ ይተኛል፣ ልጆቿ ሲነኩ ታስተውላለች ወይስ ታብዳለች፣ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ነው ወደ ቡችሎቹ የሚሄዱት። እዚያ ደርሰው ከኮታቸው የቆርቆሮ ኩባያ ያወጣሉ፣ ጠጠር ይጨምሩበታል፣ ሳይታሰብ ከቡችሎቹ አጠገብ «ከሽ!» ያደርጉታል። ሁሉም ይደነግጣሉ። እሳቸው የሚቆጥሩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

«መደንገጡን ተዪው፤ የማይደነግጥ ደንቆሮ ነው። ደንግጦ የሚመለሰው ማን እንደሆነ፣ ለመመለስስ ስንት ትንፋሽ እንደፈጀበት ተመልከቺ። ይኼ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አንቺም እኔም አንሰጠውም።»

እንግዲህ ደሙን እንዲህ ያዩ ነበር። ነገር ግን በደም ብቻ የሚምል ሰው ሲገጥማቸው ይናደዱ ነበር። በመንዝ አንድ ልማድ አለ፤ ቢያንስ እኔ በሠራሁባቸው ቀበሌዎች ነበር። ውሻ ስትወልድ ልጆቿ እንደ አራስ ልጅ ይደበቃሉ። ዓይን እንዳይበላቸው ተብሎ ጎተራ ሥር ወይም ከጓዳ ጨለማ ውስጥ ይከተታሉ፤ እንግዳ አያያቸውም፣ ከበጎቹም ጋር አይገናኙም። በጨለማ ያደገ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ይባላል። የሚወጡት ሦስት ወር ሲሞላቸው ነው፣ ያውም በቀጥታ ወደ ገመድ።

ጋሽ ወልደየስ ይህን ልማድ የሚዋጉት በሌላ ልማድ ነበር። ሰው ሁሉ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደምትነሣ ያውቃል። «ቡችላም አርባና ሰማንያ አለው» ይላሉ። «ዓይኑን በሁለተኛው ሳምንት ይከፍታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጆሮውም አፍንጫውም ይነቃል። ከዚያ እስከ ሰማንያ ቀኑ ያየውን፣ ያሸተተውን፣ የሰማውን ሁሉ የቤቴ ነው ብሎ ይይዛል። አርባው ሳይሞላ ሰው ይንካው፤ ሰማንያው ሳይሞላ በግ፣ በቅሎ፣ ጃንጥላ፣ ከበሮ ሁሉን ይወቅ። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል። የመጣው ሁሉ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወይ ያስበረግገዋል ወይ ይነከሳል።»

ገበሬው ሦስት ወር ብትለው ይረሳዋል። አርባና ሰማንያን ግን ማን ይረሳል? እኔም አልረሳሁትም ነበር። ስለዚህ ያጠፋሁት ጥፋት ባለማወቅ ነው ማለት አልችልም።

ጋሽ ወልደየስ ወደ ግሼ ሲዛወሩ ጣቢያው ለእኔ ቀረ። ወጣት ነበርኩ፣ መመስገን እወድ ነበር። በአቅራቢያችን ያለ የሴቶች ገዳም ውሻ ፈለገ፤ የገዳሙን በጎች የሚጠብቁት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው «ልጄ፣ አንድ ደህና ውሻ» ብለው ለመኑኝ። እኔም በአካባቢው ከታወቀችው ጀግና ውሻ አንድ ቡችላ በሃያ ቀኑ አመጣሁ። እናቱም አባቱም የተመሰከረላቸው ናቸው። ስሙን መከታ አልኩት።

በዚያው ሳምንት የበግ ፈንጣጣ ገባና ዘመቻ ወጣን። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። መከታን ከመድኃኒቱ ዕቃ ቤት ዘጋሁበት። ምግቡን አላጓደልኩም፤ አጥሚቱን፣ ወተቱን ጠዋትና ማታ አቀርብለት ነበር። አንዳንዴ በሩን ስከፍት ጥግ ላይ ተጣብቆ አገኘዋለሁ። «ደሙ ደህና ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» እያልኩ በሩን መልሼ እዘጋለሁ። ያ ዘመቻ ሲያልቅ ሰማንያው ካለፈ ሰንብቷል። አጥቤ፣ አሳምሬ ለገዳሙ ሰጠሁት። መነኮሳቱ መርቀው አይጠግቡም፤ እኔም ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

በሰባተኛ ወሩ እማሆይ ባልዲ ይዘው በአጥሩና በግድግዳው መካከል ሲያልፉ ውሻው ማምለጫ ያጣ መሰለው። ክንዳቸውን ያዘ፣ አልለቀቀም። ስደርስ ክንዳቸው በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ነጠላው ሌላ ቀለም ሆኗል። መከታ ደግሞ ከካቡ ሥር ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃይለኛ ውሻ አልነበረም። በሕይወቴ እንደ እሱ የፈራ ፍጥረት አላየሁም።

እማሆይን ወደ ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው በቅሎ ላይ ስናወጣቸው ጎንበስ ብለው «አትቆጪው። እሱ ምን ያድርግ፣ በልጅነቱ ሰው አይቶ አያውቅ» አሉኝ።

ይህን ቃል የሚያህል ስድብ ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሊያጽናኑኝ ነበር የተናገሩት። ክንዳቸው ዳነ፣ ሁለት ጣታቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። መከታን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ መርፌዬ። ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልጠየቅሁም።

ጋሽ ወልደየስ ሰምተው ከግሼ በፈረስ መጡ። ሰላም አሉኝ፣ ተቀመጡ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስንት ቀን ዘጋሽበት?»

«ስልሳ አምስት» አልኩ።

«ደም ማለት መሬት ነው፣ አሰለፈች» አሉ። «የቱንም ያህል ለም ቢሆን ካልዘራሽበት ስናር ያበቅላል።» ከዚያ የቆርቆሮ ኩባያቸውን ከኮታቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ። ያን ዕለት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሞላሌ ተዛወርኩ። አንድ አለቃ ነበረን፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ቅጽ ያመልካል። ስለ ቡችላ አስተዳደግ ገበሬ ሰብስቤ መዋሌን ሲሰማ «ሪፖርቱ ላይ እኮ የውሻ ጠባይ የሚል ቦታ የለም» ይለኛል። «ቦታው ባይኖርም ውሻው አለ» እለዋለሁ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሕዝቡን አግኝቼ ስለ አርባና ሰማንያ ስናገር ደግሞ አንድ ቄስ «አሁንስ ውሻውንም ልታስጠምቂን ነው?» ብለው አሳቁብኝ። «ጥምቀቱ ለእርስዎ አባቴ፣ ቀኑን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። ሰው ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ቡችሎቹን መልሶ ጎተራ ሥር ይከታል። ሥር የሰደደ ልማድ በአንድ ስብከት አይነቀልም።

እንግዲህ ወደ አራቱ ልምጣ።

ጓሳ ጠርዝ ባለችው መንደር እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ኑሯቸው በበግ ነው። ተኩላው ብዙ በሆነበት በዚያ አገር ያለ ውሻ አንድ ክረምት መክረም አይችሉም፤ በጎቹ ካለቁ ደግሞ ቤታቸውን ዘግተው ቀየት ልጃቸው ቤት ጥገኛ መግባት ነው። ይህን ከሞት አስበልጠው ይፈሩት ነበር። ጉዴ የምትባል ውሻ ነበረቻቸው፣ ቀይ፣ ዓይነ ፈጣን። ይህች ጉዴ አራት ቡችሎች በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ከጎረቤታቸው ከአቶ ደምሴ መንጋ ገብታ ግልገሎች ፈጀች። አቶ ደምሴ በዱላ ገደሏት። በዚህ ማንም አልፈረደባቸውም፤ እኔም አልፈረድኩም። ግን በዚያ አላበቁም። ሽማግሌ ሰብስበው ቡችሎቹም ይጥፉ አሉ።

እኔ የደረስኩት ለክትባት ነው። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ተቀምጠዋል፣ እትዬ ብርቄ ቡችሎቹን በቁና ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸውን ከገለጡ ገና ሁለት ቀናቸው ነው።

አቶ ደምሴ ረጅም፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ «ይኸው ዶክተርም መጣች፣ እሷው ትፍረድ» አሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ አቶ ደምሴ። እኔ የምጠይቀው ለጉዴ ልጓሙን ማን አግብቶላት ያውቃል ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ወደ እትዬ ብርቄ ዞርኩ። «ከየት ነበር ያመጧት?»

«ከከተማ ነው እቴ። ከሱቅ ጓሮ በሰንሰለት ያደገች ናት። አንድ ዓመት ሲሆናት ሰጡኝ።»

«በግ አይታ ታውቅ ነበር?»

«ከየት አይታ! እኔ ዘንድ ስትመጣ በበጉ ትበረግግ ነበር፤ በጉም በእሷ።»

«አያችሁ» አልኩ። «ደሟ ሩጫ ይወዳል፣ አልክድም። ይህ ከእናቷ የመጣ ነው፣ ከእነዚህም ለአንዳቸው ሳይደርስ አይቀርም። በግ የቤቷ እንደሆነ ግን ማንም ሳያስተምራት ሰማንያዋ አለፈ። እነዚህን ሰማንያ ቀን ስጡኝ።»

አቶ ደምሴ ሳቁ። «ዋስ አለሽ?»

የዋስ ነገር በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሰው ተነሥቶ «እኔ» ካለ ቃሉ ከአንገቱ ጋር ታሰረ ማለት ነው። የእማሆይ ክንድ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ያ ነጠላ፣ ያ ካብ ሥር የሚንቀጠቀጥ ውሻ። አንድ ጊዜ ቃል ሰጥቼ የሰው ሥጋ ተከፍሎበታል።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ። «ከአራቱ አንዱ ዓመት ሳይሞላው የበግ ደም ያፈሰሰ እንደሆነ አራቱንም በእጄ አጠፋለሁ። ሁለተኛም በዚህ ቀበሌ ስለ ውሻ አፌን አልከፍትም።»

«ብርቄም ሁለተኛ ውሻ አያሳድጉም» ብለው ጨመሩ አቶ ደምሴ።

እትዬ ብርቄ ቁናውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው «ይሁን» አሉ። የእሳቸው «ይሁን» ከእኔ ዋስትና ይከብድ ነበር።

ኩባያዋን አወጣሁ። በሃያ አምስተኛ ቀናቸው ከአራቱ አጠገብ ከሽ አደረግኋት። ሁለቱ ደነገጡ፣ ወዲያው ተመልሰው አሸተቷት። ትንሹ ጥቁር ገለባ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ አልወጣም። አራተኛዋ፣ የእናቷን ቀለም የወሰደችው ቀይ ሴት፣ ሮጣ መጥታ ኩባያዋን ነከሰቻት። እትዬ ብርቄ አማተቡ። «ጉዴ ራሷ!»

«ጉዴ ራሷ ናት» አልኩ። «አሁን ልጓም እናገባላታለን።»

በመንዝ ብርድ በጎች የሚያድሩት ቤት ውስጥ ነው። ቡችሎቹን ከእናታቸው ቦታ አንሥተን በጎቹ ጋጣ ጥግ ላይ በተሸለተ ፀጉር ላይ አስተኛናቸው። በውኃ የቀጠነ የላም ወተት፣ ሲጠነክሩ የገብስ አጥሚት፣ ሁሉም የሚሰጣቸው በጎቹ መካከል ነው። የቀረው ከሰው ማላመድ ነበር። እትዬ ብርቄ ሁሉን ሲቀበሉኝ በዚህ እምቢ አሉ። «ሰማንያ ቀናቸው ሳይሞላ እንግዳ አሳይቼ ዓይን ይብላቸው? አላደርገውም።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ መድኃኒቱን እሳቸው ራሳቸው አገኙት። «የሚያያቸው ሁሉ እንትፍ እንትፍ ይበልባቸው፤ ያን ጊዜ ዓይኑ አይዝም።» ተስማማን። ከዚያ ወዲያ በዚያ ደጅ የሚያልፍ ሁሉ ተጠርቶ፣ እንትፍ እንትፍ ብሎ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቁጭ ብሎ፣ እጁን አስሸትቷቸው ይሄድ ነበር። እኒያ በደጀ ሰላም ያሳቁብኝ ቄስ የዚያው አጥቢያ ናቸውና ጃንጥላና መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ባለ በቅሎው መጣ፣ ከገበያ የምትመለሰው መጣች፣ ለማኙ መጣ። መንደሩ እንደ ክርስትና ግብዣ ተመላለሰ። አቶ ደምሴ ብቻ አልመጡም።

እኔ በየሳምንቱ ለሥራ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እያልኩ ኩባያዋን ከሽ አደርጋለሁ። ጥቁሩ ከገለባው የሚወጣበት ጊዜ አጠረ፤ ፈሪነቱ ግን አልጠፋም። ኮሽታ ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል፣ ይጮኻል። «ይኼ ደወል ይሆናል» አልኳቸው፣ ሆነም። ቀይዋ ግን አሳሰበችኝ። በጎቹ ሲሮጡ ዓይኗ ያበራል፣ ሆዷን መሬት ታስነካለች። እትዬ ብርቄ ስሟን ዋሴ አሏት፣ የእኔን አንገት እንዳስታውስ ይመስላል።

ለዋሴ አስተማሪ ያደረግንላት ጉልቤ የምትባል አሮጊት በግ ነበረች፤ ተዋጊ፣ ማንንም የማትፈራ። ዋሴ አንድ ቀን ዘለለችባት። ጉልቤ በግንባሯ ብላት ከግድግዳው ጋር አጋጨቻት። ዋሴ ተነሣች፣ ራሷን አራገፈች፣ በሆዷ እየተሳበች ሄዳ የበጊቱን አፍንጫ ላሰች። እትዬ ብርቄ በሳቅ ከመደቡ ሊወድቁ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሰማንያው ሞላ። ሁለቱን ረጋ ያሉትን ለሌሎች ቤቶች ሰጠን፣ ጥቁሩና ዋሴ እትዬ ብርቄ ዘንድ ቀሩ። እኔም ድል ያደረግሁ መሰለኝ። በአምስተኛ ወሯ ግን ዋሴ አንዲት ግልገል ስታባርር አቶ ደምሴ በዓይናቸው አዩ። ስደርስ ግልገሏን ታቅፈው፣ የተነጨ ፀጉሯን በእጃቸው ይዘው ጠበቁኝ።

«ዋስ! ቃልሽ የት አለ?»

ግልገሏን ተቀብዬ ቆዳዋን ጣት በጣት ፈተሽኩ። ጭራዋ ላይ ፀጉር ጎድሏል፤ ደም የለም። «ቃሌ ደም ነው አቶ ደምሴ። ይህ ፀጉር ነው።»

«ዛሬ ፀጉር፣ ነገ ሥጋ።»

ልክ ነበሩ፤ ሊሆን ይችል ነበር። አርባና ሰማንያ መሠረት ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ በጉርምስናዋ ጨዋታው ደሟ ውስጥ ያለውን ሩጫ ይቀሰቅሰዋል። በጓሳ ሣር ገመድ አንድ ዱላ ከአንገቷ ላይ አግድም አንጠለጠልኩላት፤ ስትራመድ አይነካትም፣ ስትሮጥ ጉልበቷን ይመታታል። ከጉልቤም ጋር ብቻ ትሰማራ አልን። ዱላውን ተሸክማ አራት ወር ኖረች። እትዬ ብርቄ በየቀኑ ከዝንጀሮ እንደሚጠበቅ እርሻ ከኋላዋ ዋሉ፤ አንድ ቀን አልሰለቹም።

ክረምት መጣ። ነሐሴ ላይ ለክትባት ሄጄ እኩለ ቀን ግድም ጉም ወረደ። መንዝን ለማያውቅ ሰው፣ ጉሙ ሲወርድ የገዛ እግርህ አይታይህም። የእትዬ ብርቄና የአቶ ደምሴ በጎች ጋራው ላይ ተቀላቅለው ነበር። ጥቁሩ መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ በጎቹ፣ ቀጥሎ የማናውቀው ጩኸት። አቶ ደምሴ ዱላቸውን አንሥተው «ጨረሰቻቸው!» እያሉ ወደ ላይ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኩ። በመንገድ ላይ የአቶ ደምሴ ውሻ፣ ባለ ዘሩ የሚሉት፣ ጭራውን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሲበር አለፈን።

ስንደርስ ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ። ዋሴ ቆማለች። አፏ፣ ደረቷ በደም ተጨማልቋል።

አቶ ደምሴ ዱላቸውን አነሡ፣ ግን አልሰነዘሩም፤ ወደ እኔ ዞረው «ይኸው» ብቻ አሉ። እኔም «ይኸው» አልኩ። ቃሌ ነው፣ ሌላ ምን ልል? መርፌዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከዚያ እትዬ ብርቄ እያለከለኩ ደረሱና «መጀመሪያ በጎቹን እዩ!» አሉ።

በጎቹ ከዋሴ ጀርባ ከድንጋዩ ጥግ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ግልገሎቹ መካከል ናቸው፣ ጉልቤ ፊት ላይ። አንድ በአንድ ገባንባቸው። አቶ ደምሴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ፣ ፀጉሩን እየገለጥን፣ ሆዱን እየዳሰስን። አንድ ጭረት የለም። የእሳቸውም፣ የእትዬ ብርቄም፣ አንዷ ግልገል አልጎደለችም። ወደ ዋሴ ተመለስኩና ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። መጣች። ጆሮዋ እስከ ሥሩ ተቀዷል፤ ደሙ የራሷ ነበር። ከጥርሷ መካከል ያወጣሁት ፀጉር የተኩላ ፀጉር ነበር። ለአቶ ደምሴ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። «የኔዎቹንም ነው የጠበቀች» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«ባለ ዘሩ ውሻዎ የት ገባ?» አሉ እትዬ ብርቄ። አላስቻላቸውም።

እኔ ከዚያ ጋራ ላይ ጮክ ብዬ እልል አልኩ። ጉሙ ውስጥ ማንም አያየኝም ብዬ አይደለም፤ ቢያየኝም እልል እል ነበር። ዋሴን እዚያው ሰፋኋት። እትዬ ብርቄ ዛሬም በቤታቸው፣ በበጎቻቸው መካከል ናቸው፤ ቀየት የሚሄዱት ልጃቸውን ሊጠይቁ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት በዚያ መንደር ጎተራ ሥር የተደበቀ ቡችላ አላገኘሁም። አለቃዬ በሪፖርቱ ጠርዝ ላይ በእጁ አንድ መስመር ጨመረልኝ፣ «የውሻ ጠባይ፦ መልካም» ብሎ። ጋሽ ወልደየስ ግን አልሰሙም። ከዚያ በፊት ዐርፈው ነበር። ይህ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አቶ ደምሴ ሞላሌ ቤቴ ድረስ መጡ። አርጅተዋል፣ ዱላው አሁን የሚደግፋቸው ነው። ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ቀይ ቡችላ አወጡ።

«የዋሴ የልጅ ልጅ ናት» አሉ። «ለልጄ ልሰጣት ነው። እስቲ በኩባያሽ እዪያት።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

አላመነቱም። «ሠላሳ ስምንት። ተነገ ወዲያ አርባ ትገባለች። በጉን አውቃዋለች፣ በቅሎውንም። መኪና አላየችም ብዬ ነው ወደ ከተማ ያመጣኋት።»

ከዚያ ቡችላዋን ግቢዬ ላይ አስቀመጧት። ቤት ያለችው የእኔ ውሻ ልታሸታቸው ስትመጣ ዱላቸውን ወደ ጎን ጣሉ፣ ጎናቸውን ሰጥተው በዝግታ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወሩኝ ጀመር። ከኪሳቸው የድርቆሽ ቁራሽ ብቅ ብሏል።

አቶ ደምሴ ጋሽ ወልደየስን አይተዋቸው አያውቁም።